የኔታ ቧንቧውን የመረቁ ዕለት

ዘጠኝ ዓመት ሞልቶኝ ነበር፤ ግን ማንም አያምነኝም። እንግዳ ሰው ምግብ ቤታችን ገብቶ እናቴን «ይቺ ጩጬ ስንት ዓመቷ ነው?» ብሎ ከጠየቀ፣ እናቴ «ዘጠኝ ሞላት» ትላለች፤ ሰውየው ከት ብሎ ይስቃል። የሚያበሽቀኝ የሱ ሳቅ አልነበረም፤ ሳቁን ለምጄዋለሁ። የሚያበሽቀኝ እናቴ አብራ አለመሳቋ ነበር። ስሜ አልታየች መሆኑ ደግሞ ነገሩን አባሰው። ቀልድ የሚወድ ደንበኛ ሁሉ ጎንበስ ብሎ ጠረጴዛ ስር እያየ «ኧረ ልጅቷ የታለች?» ይል ነበር፤ እኔ ፊቱ ቆሜ!

ጊዜው የስልሳ ሰባት ክረምት ነው። ጃንሆይ ከወረዱ ዓመት ሊሞላ ነው፤ መካነ ሰላም ውስጥ ሬዲዮ ያለው ሰው ሁሉ ሬዲዮውን በር ላይ አውጥቶ ያስጮኻል። የእናቴ የብርሀንነሽ ምግብ ቤት አውቶቡስ መቆሚያው ፊት ለፊት ነበር። ሥጋ አይሠራበትም፤ ሽሮ፣ ምስር፣ ጎመን፣ አለቀ። ስለዚህ እስላሙም ክርስቲያኑም ጎን ለጎን ተቀምጦ ይበላል። የቄስ ትምህርት ቤቱ መምህር የኔታ ወልደሩፋኤልና ከመስጊድ የሚመጡ ሽማግሌዎች አንድ ትሪ ላይ ሽሮ ሲሻሙ በዓይኔ አይቻለሁ።

የኔ ሥራ ማስታጠብ ነበር። በቀኝ እጄ ማንቆርቆሪያ፣ በግራ እጄ መታጠቢያ ሳህን፣ ትከሻዬ ላይ ፎጣ። ደንበኛው ሲቀመጥ ከች እላለሁ፤ እጁን ይዘረጋል፤ አፈስለታለሁ። በላተኛ ሁሉ ሲታጠብ ይመርቃል። «እደጊ!» ይሉኛል። «እደጊ ተመንደጊ!» «አላህ ያሳድግሽ!» «ለወግ ለማዕረግ ያብቃሽ!» የመጨረሻው ብዙም አይጠቅመኝም ነበር። እኔ የምፈልገው ቁመት ነው።

ቁመት የፈለግሁት ደግሞ ለጌጥ አይደለም። ባለፈው መስከረም እናቴ ትምህርት ቤት ወስዳኝ ነበር። ያን ጊዜ የልደት ወረቀት የሚባል ነገር በኛ አገር የለም። አንደኛ ክፍል ልግባ ያለ ልጅ ቀኝ እጁን በአናቱ ላይ አሳልፎ ግራ ጆሮውን ይነካል። ከነካ ደርሷል፤ ካልነካ ወደ ቤቱ። የሰፈራችን ልጆች ሁሉ ነኩ። በሁለት ዓመት የምበልጣት ሀጀራ እንኳ ጆሮዋን ጨምድዳ ይዛ ምላሷን አወጣችብኝ። የኔ እጅ ግን አናቴ ላይ ተንጠልጥሎ ቀረ። ብወጠር፣ ብንጠራራ፣ በእግሬ ጣት ብቆም፣ ጆሮዬ ጋ ለመድረስ ሁለት ጣት ይቀረዋል። መዝጋቢው፣ መምህር ያለው የሚባል ወጣት፣ ወረቀቱን እያየ «የዛሬ ዓመት ትምጣ» አለ። እናቴ እጄን ይዛ ወደ ቤት መለሰችኝ።

እንግዲህ አንድ ዓመት ተሰጥቶኛል። በቀን አርባ ሰው ካስታጠብሁ አርባ «እደጊ» ነው። በየሳምንቱ ከበሩ መቃን ጋር ተለጥፌ በአናቴ ልክ በከሰል እጭራለሁ። ምልክቱ ባይነቃነቅም አልተጨነቅሁም፤ ምርቃት ተጠራቅሞ አንድ ቀን የሚወጣ ነገር ነው ብዬ አምን ነበር። ደግሞስ ያን ሁሉ ሽማግሌ ምን ያስዋሸዋል?

ያ ጉድ የመጣው ሐምሌ መጨረሻ ላይ ነው። ደሴ የምትኖረው አክስቴ ሐረግ በአውቶቡስ ላከችው፤ አውቶቡሱ አቀስታ ላይ ጭቃ ውጦት ሦስት ቀን ቆመ፤ በመጨረሻ በበቅሎ ተጭኖ ገባ። አፉን ወደ ሰማይ ከፍቶ ስለታሰረ የመንገዱን ዝናብ ሁሉ ይዞ ነው የመጣው። ነጭ፣ ለስላሳ፣ ጠርዙ ላይ ትንሽ የተሸረፈ ሸክላ፤ የደሴ ሰዎች ሲንክ የሚሉት። አብሮት በጋዜጣ የተጠቀለለ ቢጫ የነሐስ ቧንቧ አለ። ሰፈሩ ተሰበሰበ። የኔታ ዙሪያውን ሁለት ጊዜ ዞሩና መቋሚያቸውን ተደግፈው ቆሙ።

«ብርሀንነሽ፣ ልጅ ልታስጠምቂበት ነው?»

«የለም የኔታ፣ እጅ መታጠቢያ ነው። ቧንቧውን ሲከፍቱት ውሃው ራሱ ይወርዳል።»

«ራሱ?»

«ራሱ።»

«ታዲያ አልታየች ምን ልትሠራ ነው?»

እናቴ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ አንድ ነገር ነገረቻቸው። እኔ የሰማሁት ጭራውን ብቻ ነው፦ «...ከዚህ ሥራ ላወጣት ነው።» የኔታም ራሳቸውን እየነቀነቁ «ደግ አደረግሽ» አሏት። ደግ! ማንቆርቆሪያውን እንዳቀፍሁ ባለሁበት ደርቄ ቀረሁ። ሥራ ከሌለ ምርቃት የለም። ምርቃት ከሌለ ቁመት የለም። ቁመት ከሌለ ጆሮ የለም፣ ጆሮ ከሌለ ትምህርት ቤት የለም። ይሄን ሁሉ ያደረገብኝ በጋዜጣ የተጠቀለለ ቢጫ ብረት ነው።

ቧንቧውን እንዲገጥሙ የተጠሩት አያ ጀብሪል ነበሩ። አያ ጀብሪል አሰብ ወደብ ላይ አሥራ ሁለት ዓመት የቧንቧ ሠራተኛ ሆነው ኖረው የተመለሱ ሰው ናቸው፤ የተመለሱት ደግሞ አንድም ቧንቧ ወደሌለበት ከተማ! ስለዚህ ጃንጥላ ይጠግናሉ፣ በጠፋ ቁልፍ ፋንታ ሌላ ይሞርዳሉ፣ የተዘጋ የፕሪመስ ምድጃ ይከፍታሉ። እናቴ «አያ ጀብሪል፣ ቧንቧ መጣ» ስትላቸው ዓይናቸው እንባ አቅርሮ «አልሃምዱሊላህ» ሲሉ ሰምቻለሁ። የእንግሊዝ ቁልፍ የሚሉትን የብሎን መፍቻቸውን ከሳጥናቸው አውጥተው በዘይት ሲወለውሉ ዋሉ።

ከቤቱ ጀርባ የእንጨት ቆጥ ሠርተው በርሜል ሰቀሉበት። የጣራው አሸንዳ ዝናቡን በርሜሉ ውስጥ ይገለብጣል፤ ከበርሜሉ የወጣ የብረት ቱቦ የጭቃውን ግድግዳ በስቶ ሲንኩ ስር ይመጣል። ቧንቧው ከላይ በሲንኩ ቀዳዳ ይገባል፤ ከስር ዳዶ በሚሉት ጥርሳም የብረት ቀለበት ይታሰራል። እኔ ጠላቴን ልወቅ ብዬ እግር በእግር ስለምከተላቸው፣ የሥራ ፍቅር ያደረብኝ መስሏቸው ሁሉን ያስረዱኝ ነበር።

«አየሽ የኔ ልጅ፣ ከላይ የምታዪው ጌጡ ነው። ቧንቧን የሚይዘው ከስር ነው። ይቺ ዳዶ ከላላች አለቀ፣ ይዞራል።»

ችግሩ ሲንኩ ግድግዳው ላይ ተጣብቆ፣ ዳዶው ያለበት ቦታ የአይጥ መሹለኪያ ያህል ሆነ። የአያ ጀብሪል እጅ ደግሞ አካፋ ነው። በሁለት ጣታቸው ጫፍ እየቧጠጡ፣ «ያረቢ!» እያሉ እንደምንም አሰሩት። ከቧንቧው ጋር መምጣት የነበረበት የጎማ ቀለበት አቀስታ ጭቃ ውስጥ ሳይቀር አይቀርም፤ ጠፍቷል። በሱ ፋንታ ከአሮጌ የበቅሎ ልጓም ቆዳ ቆርጠው ከስሩ አነጠፉ።

የምርቃቱ ዕለት ቤቱ ጢም አለ። መጀመሪያ የቀረቡት ገበሬዎች እጃቸውን ቧንቧው ስር ዘርግተው ቆሙ። ቧንቧውም ቆመ። እነሱም ትንሽ ጠበቁት። ቧንቧውም ጠበቃቸው። አንዱ «አፍሱልን እንጂ!» ብሎ ወደ ኋላው ሲዞር እኔ ማንቆርቆሪያዬን ይዤ ልወረወር ስል እናቴ በቀሚሴ ይዛ አስቀረችኝ። ሌላው የቧንቧውን አንገት በሁለት እጁ አንቆ ጠመዘዘውና ፊቱን ወደ ግድግዳ አዞረው። አያ ጀብሪል «አንገቱን አይደለም! ጆሮውን! ጆሮውን!» እያሉ ሮጠው መለሱት።

ከዚያ የኔታ ቀረቡ። አያ ጀብሪል ከፈቱላቸው። ውሃው ኩልል ብሎ ወረደ። የኔታ ዓይናቸውን ጨፍን አድርገው እጃቸውን አሻሽተው፣ እንደ ልማዳቸው ታጥበው ሲጨርሱ ቧንቧውን መታ መታ አደረጉትና፣

«እደግ ልጄ! እደግ ተመንደግ!» አሉ።

ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። የኔታ ራሳቸው መነጽራቸው እስኪወድቅ ሳቁ። ከዚያ በኋላማ ቀልድ ሆነ፤ የታጠበ ሁሉ «እደግ!» እያለ፣ ሽማግሌዎቹ «አላህ ያሳድግህ» እያሉ ይመርቁት ጀመር። እኔ ብቻ አልሳቅሁም። የኔን ምርቃት ፊቴ እየበላው እንዴት ልሳቅ?

ማታውኑ ቧንቧውን በስንደዶ ለክቼ ምልክት አድርጌ ነበር፤ በማግስቱ ጠዋት ደግሜ ለካሁት። ከትናንቱ በግማሽ ጥፍር ያህል ረዝሟል! በሦስተኛው ቀን ሙሉ ጥፍር ሆነ። ዛሬ ምክንያቱን አውቀዋለሁ፤ የልጓሙ ቆዳ ውሃ ጠጥቶ አብጦ ነው፣ ሰውም አንገቱን ይዞ ሽቅብ ስለሚጎትተው ነው። ያኔ ግን በስንደዶዬ ያየሁትን ማን ያስተባብለኛል? ወደ በሩ መቃን ሮጬ ተለካሁ። ከሰሉ ያው ነው። ቧንቧው እያደገ ነው፤ እኔ ግን ባለሁበት ቆሜያለሁ።

ምርቃት ኃይል እንዳለው እርግጠኛ የሆንሁት በክፉው የረሃብ ዘመን ነበር። በስልሳ አምስትና በስልሳ ስድስት ከቆላ የመጣ ሰው ግድግዳችንን ተደግፎ ይቀመጥ ነበር። እናቴ በትልቁ ድስት ባቄላ ትቀቅልና ማንቆርቆሪያዬን ትሰጠኛለች። «የሚበላ ሰው ይታጠባል። እንግዶቻችን ናቸው፤ አስታጥቢያቸው» ትለኛለች። እኔ አፈስላቸዋለሁ፤ እነሱ ውሃውን በእፍኛቸው ይዘው ይጠጡታል። «ለመታጠብ ነው እኮ!» እያልሁ እቆጣቸው ነበር። እግዜር ይቅር ይበለኝ፣ ሰባት ዓመቴ ነው። አንዲት ሴት የኔን ቁመት የምታህል ልጅ ይዛለች። መጀመሪያ ለልጅቷ አጠጣችና፣ በእርጥብ እጇ አናቴን ዳሰሰችኝ። «እደጊልኝ» አለችኝ። ያን ቀን ከአናቴ እስከ እግሬ ሙቀት ወረደብኝ፤ በማግስቱ መቃኑ ላይ ግማሽ ጣት ጨምሬአለሁ ብዬ ማልሁ።

አልጨመርሁም ነበር። ያ መቃን ቤቱ እስኪፈርስ ድረስ ቆሞ ስለነበር ትልቅ ሰው ሆኜ አይቼዋለሁ፤ የዚያ ሁለት ዓመት ምልክት ሁሉ አንዱ ባንዱ ላይ ተደራርቧል። ደጅ የሚወጣው ድስት የኛም ድስት እንደነበረ የገባኝ ያኔ ነው። እናቴ የራሷንም የኔንም ድርሻ ስታካፍል ከረመች፤ ከዚያ በየቀኑ በዚያ መቃን ስር ታልፋለች። «ስንት ዓመቷ ነው?» ሲሏት የማትስቀውም ለዚህ ነበር። ሴትዮዋና ልጅቷ ወዴት እንደሄዱ ግን ዛሬም አላውቅም።

ወደ ጦርነቱ ልመለስ። ቅዳሜ እናቴ ገበያ ስትወጣ ሲንኩ ስር ገባሁ። የአያ ጀብሪል እጅ ያልገባበት ቀዳዳ የኔን ክንድ እስከ ብብቴ ዋጠው። ዳዶዋን አገኘኋት። አንድ ዙር፣ ሁለት ዙር፣ ሦስት ዙር አላላኋት። ከዚያ ወጥቼ ሽንኩርት እንደሚልጥ ጨዋ ልጅ ተቀመጥሁ።

ሰኞ ምሳ ሰዓት መምህር ያለው መጣ። ያኔ ሃያ ሁለት ዓመቱ ነው፤ ጎፈሬው ትልቅ፣ የሱሪው እግር መሬት የሚጠርግ፣ ንግግሩ ከሬዲዮው የሚበልጥ። ሲንኩ ፊት ቆመና ወደ በላተኛው ዞረ።

«ጓዶች! ይህ ተራ ቧንቧ እንዳይመስላችሁ! ትናንት በዚህ ቤት ሕፃን ልጅ በአዋቂ እጅ ላይ ውሃ ታፈስ ነበር። ይህ የፊውዳሉ ሥርዓት ርዝራዥ ነው! ከእንግዲህ ማንም ለማንም አያፈስም!»

ብሎ ከፈተው። ቧንቧው ስሙን እንደተጠራ ሰው ዘወር አለና አፉን ሱሪው ላይ አደረገ። መምህር ያለው ሊዘጋው ሲታገል ይባስ ዞረ፤ ሸሚዙን፣ ጎፈሬውን፣ አጠገቡ የነበረውን ሽሮ ሁሉ አዳረሰ። የኔታ ከጥግ ሆነው፣

«መምህር፣ ላንተስ ፈሰሰልህ» አሉት።

ሰው በሳቅ ወለል ላይ ተንከባለለ። እኔም እንባዬ እስኪወርድ ሳቅሁ፤ ያን ያህል የሳቅሁበት ቀን በዕድሜዬ ጥቂት ነው። ሳቁ የቆመልኝ አያ ጀብሪልን ሳይ ነው። በር ላይ ቆመው፣ ኮፍያቸውን አውልቀው፣ ቧንቧውን ያያሉ።

በዚያው ሳምንት ሦስት ጊዜ አጠበቁት፤ እኔም ሦስት ጊዜ አላላሁት። ከተማው ተሳለቀባቸው። «አያ ጀብሪል፣ አሰብም እንዲህ እየዞረ ነው ያስቸገራችሁ?» ይሏቸዋል። እናቴ አላሾፈችም፤ ግን አንድ ቀን ጓዳ በር ላይ ስትለምናቸው ሰማሁ።

«አያ ጀብሪል፣ አንቱን ነው ያመንሁ። እስከ መስከረም ካልቆመልኝ ምን ይበጀኛል? መልሼ በልጅቷ እጅ ልወድቅ ነው።»

«አብሽሪ እታለም። ይቆማል።»

ድምፃቸው ግን «ይቆማል» የሚል ሰው ድምፅ አልነበረም። አሳዘኑኝ። ቢሆንም ጆሮዬ ይበልጥብኛል።

የሚቀጥለው ቅዳሜ፣ እናቴ ገበያ፣ እኔ ሲንኩ ስር። ክንዴ እስከ ብብቴ ገብቷል፤ ዳዶዋ በጣቴ ላይ ነች። ከኋላዬ ድምፅ መጣ።

«በግራ ነው የምታዞሪው የኔ ልጅ። በግራ ይላላል፤ በቀኝ ነው የሚጠብቅ።»

እጄን ልነቅል ብል እምቢ አለ። አያ ጀብሪል ወለሉ ላይ እግራቸውን አጣጥፈው ተቀምጠዋል። ከመቼ ጀምሮ እንደተቀመጡ አላውቅም።

«አሰብ ላይ በመርከብ ውስጥ ሠርቻለሁ» አሉ ረጋ ብለው። «ማዕበል ያላላውን ዳዶ አውቃለሁ፤ ጣት ያላላውንም አውቃለሁ። እኔን ምን በደልሁሽ?»

እሪ ብዬ አለቀስሁ። አልቅሼ አልቅሼ ሁሉን ዘረገፍሁት፤ ቧንቧው ምርቃቴን እንደበላው፣ በስንደዶ ስለካው እንደረዘመ፣ እኔ እንዳልጨመርሁ፣ ጆሮዬ ጋ ለመድረስ ሁለት ጣት እንደሚቀረኝ፣ መስከረም እንደደረሰ። አያ ጀብሪል መጀመሪያ ላለመሳቅ ጢማቸውን ነከሱ፤ ከዚያ አልቻሉም። ወለሉን በመዳፋቸው እየመቱ ሳቁ። ስጨርስ ግን ሳቃቸው ጠፍቷል።

«እናትሽ ይሄን ያስመጣችው ለምን እንደሆነ ታውቂያለሽ?»

«እኔን ልታባርረኝ።»

«ውይ በሞትሁት! አንቺ ትምህርት ቤት ስትገቢ ማን ያስታጥብልኛል ብላ ነው እንጂ! አንቺን ነጻ ለማውጣት ነው።»

«ካላደግሁ አያስገቡኝም እኮ! ቧንቧው ካለ ማን ይመርቀኛል?»

አያ ጀብሪል ጢማቸውን ዳበሱ። ቧንቧውን አዩ፣ እኔን አዩ።

«ስሚ። ምርቃት ለብረት አይሄድም፤ ብረት ምን ያደርግለታል? ምርቃት የሚሄደው ውሃውን ላስመጣው ሰው ነው። ይቺን ዳዶ አንቺ ያጠበቅሻት እንደሆነ፣ እዚህ የሚታጠብ ሁሉ የሚለው ዱዓ ላንቺ ነው። ቤት ሁኚ፣ ትምህርት ቤት ሁኚ፣ ያገኝሻል።»

«በቧንቧው ውስጥ?»

«በቧንቧው ውስጥ።»

«ወላሂ በሉ።»

«ኢንሻላህ» አሉ። ልዩነቱን ያኔ አላውቀውም ነበር፤ በደስታ ዘለልሁ።

ሥራው ተጀመረ። አያ ጀብሪል ያበጠውን ቆዳ አውጥተው ጣሉት። የሚተካ ጎማ ፍለጋ ዙሪያቸውን ቃኙ፤ የለም። ከዚያ ጎንበስ ብለው ከጎማ የተሠራውን የራሳቸውን በረባሶ አወለቁ፣ ቢላዋቸውን አወጡና ተረከዙን በክብ ቦደሱት! «የመኪና ጎማ ነው፤ ውሃ አይጠጣም» አሉ። ያን በረባሶ እስከ ጥር ድረስ ወደ አንድ ጎን እያነከሱ ተጫምተውታል።

«አሁን እኔ ከላይ አንገቱን ቀጥ አድርጌ እይዛለሁ። አንቺ ከስር። የላዩ እንዳይንቀሳቀስ፣ የስሩ እንዳይላላ። መጀመሪያ በጣት፣ እምቢ እስኪልሽ። ከዚያ በቁልፍ ሩብ ዙር ብቻ። ከዚያ ካለፈ ሸክላው ይሰነጠቃል።»

ክንዴን አስገባሁ። መካነ ሰላም ውስጥ ካሉት እጆች ሁሉ እዚያ የሚደርስ የኔ እጅ ብቻ ነበር። ለማጠር የተፈጠርሁ ይመስለኝ የነበረ ልጅ፣ ለዚያች ቀዳዳ በልክ የተሰፋሁ ሆንሁ። በቀኝ አዞርሁ። ጎማው ተጨመቀ። እምቢ አለኝ። ትንሿን ቁልፍ አቀበሉኝ፤ ሩብ ዙር። ከላይ የአያ ጀብሪል ድምፅ መጣ፦ «ያዘ!»

ቧንቧውን ገፉት፣ አይነቃነቅም። ጎተቱት፣ አይነቃነቅም። ኮፍያቸውን አንጠለጠሉበት፤ ከዚያ እኔን አንስተው በሁለት እጄ አንጠለጠሉኝ፤ ቧንቧው ንቅንቅ አላለም። ሁለታችንም ቤቱን በእልልታ አናጋነው። እናቴ ከገበያ ስትመለስ አያ ጀብሪል «ጥፋተኛው ቆዳው ነበር» ብለው ነገሯት፤ ግማሽ እውነት ነው፣ ግማሹ ዛሬም በኔና በሳቸው መካከል ነው።

ምሳ ሰዓት የኔታ መጡ። አያ ጀብሪል በጆሯቸው አንድ ነገር ሹክ አሏቸው። የኔታ ታጠቡ፣ ቧንቧውን ነቀነቁት፣ ከዚያ ፊታቸውን ወደ ጓዳ አዙረው በቅኔ ማኅሌት ድምፃቸው፣

«አልታየች! እደጊ ተመንደጊ!» አሉ።

ከዚያን ቀን ጀምሮ በዚያ ቧንቧ የታጠበ ሰው ሁሉ ስሜን ጠርቶ ነው የሚመርቅ። ለውዱእ ጎራ የሚሉ መንገደኞች እንኳ የቤቱ ደንብ መስሏቸው «አልታየች፣ እደጊ» እያሉ እግራቸውን ይታጠቡ ነበር።

መስከረም ጠባ። የምዝገባ ቀን እናቴ ነጠላዋን ለብሳ፣ የኔታ መቋሚያቸውን ይዘው፣ አያ ጀብሪል በተቦደሰ በረባሷቸው እያነከሱ አጅበውኝ ሄዱ። መምህር ያለው ጠረጴዛው ጋ ነበር። ሲያየኝ ሱሪውን በእጁ ነካ አደረገ፤ ትዝ ብሎት ይሆናል።

«እጅሽን።»

ቀኝ እጄን በአናቴ ላይ አሳለፍሁ። ተንጠራራሁ። አንገቴ ሳላስበው ወደ እጄ ዘንበል አለ።

«ራስሽን አታዘንብዪ!»

ቀና አደረግሁት። ጆሮዬ ሸሸኝ። እናቴ ነጠላዋን በጥርሷ ይዛለች። አያ ጀብሪል «አብሽሪ» ይሉኛል በከንፈራቸው። መምህር ያለው ብዕሩን አስቀምጦ ተነሳ፣ ከኋላዬ መጣና ራሴን በሁለት እጁ ግራና ቀኝ ያዘ።

«እኔ እንዳይንቀሳቀስ እይዘዋለሁ። አንቺ ዘርጊ።»

ልክ እንደ ቧንቧው! ከላይ የሚይዝ ካለ ሥራውን አውቀዋለሁ። ዓይኔን ጨፍኜ፣ ሲንኩ ስር እንዳለሁ አስቤ፣ ክንዴን ከብብቴ ነቅዬ ላክሁት። የጣቴ ጫፍ ሞቅ ያለ ለስላሳ ነገር ነካ።

«ነካች!» አለ መምህር ያለው።

የእናቴ እልልታ የትምህርት ቤቱን ቆርቆሮ አንቀጠቀጠው። የኔታና አያ ጀብሪል ተቃቀፉ። እኔ በልቤ አንድ በአንድ አመሰገንሁ፤ ገበሬዎቹን፣ ሽማግሌዎቹን፣ ያቺን በእርጥብ እጇ የዳሰሰችኝን ሴት፣ በመጨረሻም ቧንቧውን።

ከጥቂት ዓመታት በፊት መምህር ያለውን ደሴ አገኘሁት። ጎፈሬው የለም፤ መላጣ ሆኗል። ስለዚያ ቀን አንስተን ስንስቅ፣ «እኔ ምልሽ፣ አንድ ነገር ልናዘዝልሽ» አለኝ። «ጣትሽ አልደረሰም ነበር። ሙሉ ጣት ቀርቶታል። ራስሽን ስይዝ ጆሮሽን በሁለት ጣቴ ቆንጥጬ ወደ ላይ ጎተትሁልሽ። እናትሽ አይታኛለች። በዚያ ዘመን ያላደገ ልጅ ጥፋቱ የሱ ነው እንዴ?» እጁን ይዤ ሳምሁት።

ያኔማ ምን አውቄ! ያን ቀን ወደ ቤት ስንመለስ ግራ ጆሮዬ ቀልቶ፣ ነድዶ፣ ሁለት ቀን ሙሉ አመመኝ። በሁለተኛው ቀን ጆሮዬን ይዤ እናቴ ጋ ሄድሁ። ሲንኩ ጋ ቆማ ሊጧን ከእጇ ታጥባለች።

«እማዬ» አልኋት፣ «ማደግ እንዲህ ያማል?»

እናቴ ቧንቧውን ሳትዘጋ ዞረች። ጆሮዬን አየች፣ እኔን አየች፣ ከዚያ ሲንኩንና ቧንቧውን ተደግፋ እስክትጎብጥ ድረስ ሳቀች። በኔ ቁመት ስትስቅ ሳያት የመጀመሪያዬ ነበር። ሙሉ ክብደቷን ጥላበት ስትንቀጠቀጥ ቧንቧው ንቅንቅ አላለም።